እማዬ፣ አሰብ እና የላ ሆያ ቀንድ አውጣ

እማዬ ለገና ሳን ዲዬጎ መጥታ ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት ላ ሆያ የባሕር ዳርቻ ይዣት ወረድኩ። ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ያህል ከዳር ሸሽቶ ይመለሳል፤ በጥር እዚህ በደንብ የሚሸሸው ከሰዓት ላይ ነው። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ፣ ጫማዋን በእጇ ይዛ ድንጋይ ለድንጋይ ስትሄድ ድንገት ጎንበስ አለች።

"ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?"

ቀንድ አውጣ ነው። ጥቁር፣ አናቱ ተፍቆ የነጣ። የእንግሊዝኛ ስሙ በእኛ "ጥቁር ጥምጥም" እንደማለት ነው። ስነግራት ሳቀች። "ጥምጥም ጥቁር ሆኖ የት አይተው ነው!"

ቀጥላ "ፀሐይ ሲመታው ለምን ውሃው ውስጥ አይገባም?" አለችኝ። ይቺ ጥያቄ ሁለት ዓመት እንጀራዬ ነበረች።

ውሃው ጥሎት ይሄዳል፣ እሱ ደግሞ ቀርፋፋ ነው። ድንጋዩ ሲግል ሰውነቱም አብሮ ይግላል። ያኔ ፕሮቲኖቹ ቅርጻቸው መበላሸት ይጀምራል፤ እንቁላል መጥበሻ ላይ ሲነጣ እንደምናየው ዓይነት ነገር ነው። ሴሉ ለዚህ ቀን የሚጠራቸው ሌሎች ፕሮቲኖች አሉት። የተበላሸውን ያቃናሉ፣ የማይቃናውን ለማስወገድ ይረዳሉ። እኔ ሞግዚቶች እላቸዋለሁ። ሞግዚት ደግሞ ደመወዝ ትፈልጋለች፤ እነሱን መስራት ጉልበት ይበላል።

ላቦራቶሪ ውስጥ የእኔ ስራ አር ኤን ኤ ማውጣት ነበር። ጂኑን እንደ መዝገብ ካሰባችሁት፣ አር ኤን ኤ ከመዝገቡ ለዕለቱ ስራ የተገለበጠ ቁራጭ ወረቀት ነው። ወረቀቶቹን ስንቆጥር ቀንድ አውጣው በዚያች ሰዓት ምን እያደረገ እንደነበር እናውቃለን። ችግሩ ወረቀቱ ቶሎ ይጠፋል። ናሙናው ወዲያው በፈሳሽ ናይትሮጅን መቀዝቀዝ አለበት። አንዴ ከእማዬ ጋር ስልክ እያወራሁ አንድ ቱቦ ጠረጴዛ ላይ ረስቼ የሳምንት ልፋቴ ገደል ገብቷል። እሷ እስከ ዛሬ አታውቅም።

ከጥናቶቹ ሁሉ በጣም የምወደው ላርስ ቶማኔክ እና ጆርጅ ሶሜሮ የሰሩትን ነው። ጥቁሩን፣ ከዝቅተኛው የባሕር ዳርቻ ከሚኖር ቡናማ ዘመዱ ጋር አወዳደሩ። ሁለቱንም ለሁለት ሰዓት ተኩል 30 ዲግሪ ውስጥ አስቀመጧቸው። የጥቁሩ ሞግዚቶች ወዲያው ተነሱ፤ በ6 ሰዓት ውስጥ ስራቸውን ጨርሰው ተበተኑ። የቡናማው ግን ከ50 ሰዓት በኋላም ገና ስራ ላይ ነበሩ። አስቡት፣ በ50 ሰዓት ውስጥ ባሕሩ አራት ጊዜ ያህል ይሸሻል። አንዱን ቃጠሎ ሳይጨርስ ሌላው ይደርስበታል።

ሌላው ጥናት ጥቁሩን ከራሱ ወገን ጋር ያወዳድራል። እ.ኤ.አ. በ2015 ላኒ ግሊሰን እና ሮናልድ በርተን የሰሜን እና የደቡብ ካሊፎርኒያዎቹን አሞቋቸው። ሙቀት የሚችለው የደቡቡ ነው። እኔ መጀመሪያ የጠበቅኩት ደቡቡ ጂኖቹን የበለጠ ያንጫጫል ብዬ ነበር። ግን ሰሜኑ ሲሞቅ ተንደርድሮ ከሚያስነሳቸው ጂኖች አንዳንዶቹ፣ ደቡቡ ጋ ሙቀቱ ሳይመጣም ከፍ ብለው ሲሰሩ ተገኙ።

ይህን ለእማዬ ለማስረዳት ስንተባተብ አቋረጠችኝ። ያደገችው አሰብ ነው።

"አሰብ ደገኛ ሲመጣ በሁለት ቀን ይታወቃል። ውሃ ፍለጋ የሚሮጠው በቀትር፣ ከተቃጠለ በኋላ ነው። እኛ ቤት ውሃው ከማለዳ ተሞልቶ፣ በረጠበ ጆንያ ተሸፍኖ ይጠብቃል። ማን ይሮጣል?"

አለቀ። እኔ በሃያ ስላይድ ያቀረብኩትን ነው የተናገረችው።

አንድ ነገር ግን አልኳት፦ ደገኛው፣ ማለትም የሰሜኑ፣ ሁልጊዜ ደጋ ላይ አይደለም። እዚህ ደቡብ በበጋ ባሕሩ በጣም የሚሸሸው ሌሊትና ንጋት ላይ ስለሆነ ድንጋዩን ያን ያህል ፀሐይ አያገኘውም። ወደ ሲያትልና ቫንኩቨር አካባቢ ግን በቀትር ይሸሻል። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2021 መጨረሻ እዚያ አካባቢ ከባድ የሙቀት ማዕበል የመጣው ልክ እንዲህ ባሕሩ በሸሸበት ሰሞን ነበር። ሊተን የምትባል የካናዳ መንደር 49.6 ዲግሪ ደረሰች። የባሕር ባዮሎጂስቱ ክሪስ ሃርሊ ከ1 ቢሊዮን በላይ የባሕር ዳርቻ እንስሳት እንደሞቱ ገምቷል። አብዛኛው ድንጋይ ላይ ተጣብቆ የሚኖረው ነው፤ ቀንድ አውጣዎችም አሉበት። ሲያትል ያለች የአክስቴ ልጅ ያን ሳምንት ከነልጆቿ ኤሲ ፍለጋ ሞል ለሞል ስትዞር ነበር የከረመችው።

እማዬ ቀንድ አውጣውን መዳፏ ላይ አገላበጠችው።

"ስንት ዓመት ይኖራል?"

"ሰሜን ያሉት ከ20 ዓመት በላይ።"

"እንግዲያው ከአንቺ ቀድሞ አሜሪካ የገባ አለ በይኛ።" መልሳ ድንጋዩ ስር፣ ጥላው ጋ አስቀመጠችው። ከዚያ እግሯ እንደቀዘቀዘ ነገረችኝና ወደ መኪናው ሄድን።