የአባታችን ዋንጫ

አባታችን ካረፈ በኋላ ሁለቱ ወንድሞቼ ለሦስት ዓመት ያህል አልተነጋገሩም። የጠቡ መነሻ ጎንደር አራዳ አካባቢ ያለች አንዲት የሱቅ ክፍል ነበረች፤ ኪራዩን ማን ይቀበል፣ ለእናታችንስ ስንት ይሰጥ በሚል የተነሣው ንግግር ወደ ክርክር፣ ክርክሩም ወደ ኩርፊያ ተለወጠ። ሁለቱም እናታቸውን መጠየቅ አላቋረጡም፤ ነገር ግን አንዱ ጠዋት ከመጣ ሌላው ማታ ይመጣ ነበር። በመካከል ያለሁት እኔ የአንዱን ቃል ለሌላው አመላላሽ ሆንሁ።

በዚያን ጊዜ ተስፋዬን የጣልሁት በጥምቀት ላይ ነበር። ጥምቀት ለጎንደር ሰው ከአገር ርቆ የሚኖረው ዘመድ ሁሉ የሚሰበሰብበት፣ ጥር 10 ቀን ታቦታቱ ከየአድባራቱ ወጥተው ወደ አፄ ፋሲል ጥምቀተ ባሕር ሲወርዱ ቤተሰብ በሙሉ ነጭ ለብሶ የሚከተልበት በዓል ነው። እንዲህ ያለ ቀን ያላስታረቀውን ሌላ ምን ያስታርቀዋል ብዬ ነበር። በማግስቱ ጠዋት ውኃው ተባርኮ ሕዝቡ ሲረጭ ግን ወንድሞቼ ከግንቡ አጥር ሥር፣ ከሃያ እርምጃ በማይበልጥ ርቀት ለየብቻቸው ቆመው አየኋቸው። ልጆቻቸው ተያይተው እጃቸውን አወዛወዙ፤ አባቶቹ ፊታቸውን አዞሩ። በዓል አስቀድሞ ያለውን ፍቅር ያደምቃል እንጂ የጠፋውን ፈልጎ እንደማያመጣ ያን ቀን ተረዳሁ።

መላውን ያመጣችው እናቴ ናት። እናቴ ከወጣትነቷ ጀምሮ የሚካኤል ማኅበርተኛ ነች። ወር በገባ በ12 ተረኛዋ ጠላዋን ጠምቃ፣ ዳቦዋን ደፍታ ማኅበርተኞቹን ትቀበላለች፤ ካህኑ ጸሎት ያደርሳሉ፤ ሙሴው ሥርዓቱን ይመራል፤ በመጨረሻም ጽዋው በእልልታ ለሚቀጥለው ተረኛ ይሰጣል። ያለ በቂ ምክንያት የቀረ መቀጫ ይከፍላል፤ የተጣላ ካለም ሳይታረቅ ከጽዋው አይቀምስም። እናቴ እኔንና ታናሽ እህቴን አስቀምጣ፣ «ማኅበርተኞቼ ስንት ዘመን አብረውኝ ኖሩ፤ ከአንድ ማኅፀን የወጣችሁት እናንተ ግን በወር አንድ ቀን እንኳ አትገናኙም። እናንተም ተራ ያዙ» አለችን።

ተራ ያዝን። ታላቅ ወንድማችን አዘዞ፣ ታናሹ ቀበሌ 18፣ እኔ ማራኪ፣ እህታችን ደግሞ ደባርቅ ስለምንኖር ለሁሉም የሚመች ቀን መቍረጥ ቀላል አልነበረም፤ በመጨረሻ የወሩ የመጀመሪያ እሑድ ሆነ። የደባርቋ ተራ እናቴ ቤት ይውላል፤ መንገዱ በማይመችበት ወር እህታችን በስልክ ትገኛለች። ጽዋ እንለዋለን ስንል እናቴ፣ «ጽዋ የቤተ ክርስቲያን ነው፣ ስሙን አታቅልሉት» ብላ ከለከለችንና በምትኩ አባታችን ጠላ ይጠጣበት የነበረውን የቀንድ ዋንጫ ከሣጥኗ አውጥታ ሰጠችን። ተረኛው ይረከበዋል፤ ወሩን ሙሉ ከቤቱ ያኖረዋል።

የመጀመሪያው እሑድ እናቴ ቤት ነበር። ወንድሞቼ ሁለቱም መጡ፤ እናታቸው ጠርታቸው የሚቀሩበት ድፍረት አልነበራቸውም። መሶቡ ቀርቦ ሁላችንም ዙሪያውን ከተቀመጥን በኋላ እናቴ እጇን ከክዳኑ ላይ ሳታነሣ፣ «ቂም ይዛችሁ ከዚህ መሶብ አትቆርሱም» አለች። ማንም አልተናገረም። የታናሽ ወንድሜ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ማስታጠቢያውንና ፎጣውን ይዛ ከታላቅ ወንድሜ ፊት ቆማ ነበርና፣ መጠበቅ ሲሰለቻት ውኃውን ማፍሰስ ጀመረች። ታላቅ ወንድሜ እጁን በሳሙና አርሶ ገና ሳይለቀለቅ ውኃው አለቀ። ልጅቱ ደንግጣ ወደ አባቷ ተመለከተች። አባቷ ተነሣ፤ ጆጉን ከእጇ ተቀብሎ ወደ ጓዳ ገባ፤ ሞልቶ ተመለሰና ራሱ ጎንበስ ብሎ በታላቁ እጅ ላይ ቀስ እያደረገ አፈሰሰ። ታላቁ እጁን እያሻሸ ብዙ ቆየ፤ ከሚያስፈልገው በላይ ቆየ። ከዚያ በዝግታ «ተባረክ» አለው። እናቴ ክዳኑን አነሣች።

የሱቁ ጉዳይ በዚያ ቀን አልተነሣም፤ መነሣትም አልነበረበትም። ኪራዩ ሙሉ በሙሉ ለእናታችን ይግባ የሚለው ስምምነት የተደረሰው በሦስተኛው ወር ነው፤ ያን ጊዜም ነገሩ አሥር ደቂቃ አልፈጀም።

ከዚያ ወዲህ ካስተዋልሁት ሁሉ የበለጠ ልቤን የነካው የልጆቻችን ነገር ነው። ስንሰበሰብ ስልክ የሚቀመጥበት አንድ ሰፌድ አለ፤ ጀበናው ከተጣደበት ሰዓት እስከ በረካ ማንም አያነሣውም። አቦሉን ትልልቆቹ ይጫወታሉ፤ ቶናው የልጆች ነው፤ ሲናገሩ አይቋረጡም፣ ስለተናገሩትም አይገሠጹም። የመጨረሻውን ደንብ መጠበቅ ለእኔ እጅግ አስቸጋሪው ነበር። የዐሥራ አራት ዓመቱ ልጄ እቤት ውስጥ የትኛውንም ጥያቄ ብጠይቀው «ደህና ነው» ከማለት አያልፍም ነበር። አንድ እሑድ ቡናውን ብረት ምጣዱ ላይ እያመስሁ፣ ፍሬው ላቡን አውጥቶ መንጣጣት ሲጀምር፣ በትምህርት ቤት ልጆች እንደሚያስፈራሩትና ከወር በላይ የቤቱን መንገድ ቀይሮ እንደሚመጣ ለአጎቱ ሲነግረው ሰማሁ። ዞሬ ልጠይቀው ቃጣኝ፤ ራሴን ገታሁና ቡናዬን ማመሴን ቀጠልሁ። አጎቱ ምክር አልሰጠውም፤ እሱም በልጅነቱ ተመሳሳይ ነገር ደርሶበት እንደነበር አጫወተው። በሳምንቱ ሁለቱ አብረው ወደ ትምህርት ቤቱ ሄደው አስተማሪውን አነጋገሩ። ልጄ ለእናቱ ሊነግር ያልቻለውን የሚነግርበት ሰው ነበረው፤ ያ ሰው ግን ከሦስት ዓመት ኩርፊያ ሳይወጣ ቢቀር ኖሮ ልጄ ለማን ይናገር ነበር እያልሁ እስካሁን አስባለሁ።

እናቴ ለልጆቹ የዘር ሐረግ መቍጠርም ታስተምራቸዋለች። እስከ ሰባት ቤት ድረስ ዘመዱን ያላወቀ ሰው ሳያውቅ የሥጋ ዘመዱን ሊያገባ ይችላል የሚለውን የቀድሞውን ሥጋት ነግራቸው ስታበቃ፣ እያንዳንዳቸውን ታስቈጥራለች። መጀመሪያ ሁሉም ቅድመ አያት ላይ ይቆሙ ነበር፤ ያቺ ውኃ የጨረሰችው ልጅ አሁን አምስት ቤት ደርሳለች።

ይህን ጽሑፍ አንብቦ በቤተሰቡ ተራ ለመጀመር ለሚያስብ ሰው አጥብቄ የምነግረው ስለ ድግሱ ነው። በሁለተኛው ወር እኔ ከእናቴ ለመብለጥ አራት ዓይነት ወጥ ሠርቼ ነበር፤ ቀጣዩ ተረኛ ታናሽ ወንድሜ ፊቱ ሲለወጥ አየሁ። እናቴ ወዲያው ደንብ አወጣች፦ በፍስክ አንድ ወጥ፣ በጾም ሽሮና አንድ አትክልት፣ ከዚያ በላይ የሠራ ይቀጣል። ብዙ ማኅበር በጠብ ሳይሆን በድግስ ፉክክር እንደፈረሰ እሷ አይታለች። ቤቱ የጠበበው፣ ደመወዙ ያነሰው ተራው ሲደርስ መሸማቀቅ ከጀመረ፣ የሚቀጥለው ነገር ሰበብ ፈልጎ መቅረት ነው።

ዋንጫው በዚህ ወር እኔ ቤት ነው። ትናንት ከሥራ ስመለስ ልጄ ከመደርደሪያው አውርዶ አጥቦት፣ በንጹሕ ጨርቅ ላይ ደፍቶት አገኘሁ። ገና ማክሰኞ ነው፣ ለምን ቸኰልህ ብለው፣ «አጎቴ ቅዳሜውኑ መጥቼ አድራለሁ ብሎኛል» አለኝ።