የግእዝ ትምህርቴ በሦስተኛው ወር፦ ተጋ እና ነቃ

ግእዝ መማር ከጀመርኩ ሦስት ወር ሆነኝ። የድሬዳዋ ሙቀት ቀን ቀን ስለማያስጠና የምንማረው ሳቢያን ሰፈር ውስጥ አመሻሽ ላይ ሲሆን፣ በዚህ ወር ብዙ ጊዜ የወሰዱብኝ ነቅቶ መጠበቅን የሚናገሩት ሁለቱ ግሶች፣ ተግሀ እና ነቅሀ ናቸው።

ተግሀ ማለት እንቅልፍን ተቋቁሞ ማደር፣ ነቅቶ መጠበቅ ነው። ፈርሀ «ፈራ»፣ ሰምዐ «ሰማ» እንደ ሆኑት ሁሉ ይህም በአማርኛ የመጨረሻ ድምፁን ጥሎ «ተጋ» ሆኗል፤ ትጉህ የሚለው ቅጽል ግን «ህ»ን እንደያዘ ቀርቷል። ከድምፁ ጋር ትርጉሙም ፈቀቅ ማለቱን ያወቅሁት፣ በማቴዎስ 26፥41 ያለውን «ትግሁ ወጸልዩ» የሚለውን ቃል «ጠንክራችሁ ሥሩና ጸልዩ» ብዬ ተርጉሜ የኔታ ሲያርሙኝ ነው። ዛሬ ትጉህ ሠራተኛ ስንል የምናስበው ታታሪነትን ነው፤ የወንጌሉ ቦታ ግን ጌቴሴማኒ፣ ጊዜው ሌሊት፣ ደቀ መዛሙርቱም የተወቀሱት በመተኛታቸው ነው። በመጽሐፈ ሄኖክ ሰማይን ትተው የወረዱት መላእክት ሳይቀሩ ትጉሃን ተብለው ስለሚጠሩ፣ ቃሉ መጀመሪያውኑ የምግባር ምስጋና አልነበረም ብዬ አምናለሁ።

ነቃ ግን ከዚህ የባሰ አሳፈረኝ። አከራዬ ቡና ሲያፈሉ ከጀበናው ሥር ውሃ ፍሙ ላይ ጠብ እያለ ሲንጫጫ «ነቅቷል» አሉ፤ ትንሹ የልጅ ልጃቸውም «ተኝቶ ነበር እንዴ?» ብሎ አሳቀን። እኔም የልጁን ጥያቄ ከቁም ነገር ቆጥሬ፣ እንቅልፍ ተሰንጥቆ ሰው እንደሚወጣበት ሁሉ መንቃትና መሰንጠቅ አንድ ምንጭ አላቸው የሚል ሐተታ ገጽ ሙሉ ጻፍኩ። የኔታ አንብበው ሁለት ፊደል ብቻ አሰመሩበት፦ ሀ እና ዐ። ከእንቅልፍ መንቃት ነቅሀ፣ መሰንጠቅ ነቅዐ ነው፤ አማርኛ ሁለቱንም ድምፆች ስለጣለ ሁለቱ ግሶች በአንድ ቅርጽ ተገናኙ እንጂ ዝምድና የላቸውም። የጀበናው ዘመድ ይልቅ ምንጭ ማለት የሆነው «ነቅዕ» ነው፤ ውሃ ምድርን ሰንጥቆ የሚወጣበት።

ጥንቃቄን በዚህ ረድፍ አላስገባሁትም፤ ጥንቁቅ በግእዝ ልክ የሆነ፣ በሚገባ የተረጋገጠ ማለት ስለሆነ ከእንቅልፍ ጋር ጉዳይ የለውም።

ከዚያ ወዲህ በደብተሬ የእያንዳንዱን ግስ መጨረሻ ፊደል በቀይ እጽፋለሁ። በ1948 ዓ.ም. የታተመው የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ መዝገበ ቃላት ከ«ሀ» ሳይሆን ከ«አ» በሚጀምረው በአበገደ ተራ የተዘጋጀ በመሆኑ፣ ነቅሀ እና ነቅዐ እንደ ሀለሐመ ተራ ርቀው አይገኙም፤ ፍለጋው ገና ያደናግረኛል።

በዚህ ሳምንት ደግሞ ደቻቱ ወንዝ ዳር የሚኖሩ አንዲት እናት ነቃ የሚለውን ቃል እንዴት እንደሚጠቀሙበት ልብ አልኩ። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ በሌሊት የመጣውን ጎርፍ ያዩ ናቸውና፣ ደጋው ሲጠቁር ምን እንደሚያደርጉ ስጠይቃቸው «ነቅተን ነው የምናድረው» አሉኝ። ግእዙ «ተግሀ» የሚልበት ቦታ ነው፤ «ተግተን እናድራለን» ግን አላሉም።