ሳፋው፣ አጎበሩና ጓጉንቸሮቹ፦ የአንድ ክረምት ማስታወሻ

ጓሮ ውስጥ ውሃ አቁሬ እንቁራሪት ልጠብቅ ነው ስላት እናቴ «ወባ ልትጠሪብን ነው?» አለችኝ። እውነቷን ነው። ኮምቦልቻ ያደገ ሰው ወባን ያውቃታል። ስለዚህ ዘንድሮ የደከምኩት ለእንቁራሪቶቹ ከሠራሁት ይልቅ ትንኝ ለመከላከል ነው።

ሰኔ ላይ አንድ አሮጌ ሳፋ ከመሬቱ እኩል ቀበርኩ። ውስጡን እስከ ጠርዙ ድረስ በድንጋይ ደረጃ ሠራሁለት፤ መውጫ ካጡ ትንንሾቹ ይሰምጣሉ። የሞላሁት በዝናብ ውሃ ነው። እንቁራሪት ውሃ የሚጠጣው በቆዳው ስለሆነ የቧንቧው ክሎሪን ይጎዳዋል። ቧንቧ ብቻ ያላችሁ በባልዲ ሞልታችሁ፣ ሳትከድኑ አንድ ሁለት ቀን አቆዩት። ጎመኑ ላይ የምረጨውን ፀረ ተባይም በዚሁ ምክንያት ተውኩ። ቅጠሉ ትንሽ ተበልቷል፤ አልቆጨኝም።

መጀመሪያ ላይ በየአምስት ቀኑ ውሃውን ጎመኑ ላይ እየደፋሁ በአዲስ እተካ ነበር። የትንኝ እጭ ክንፍ አውጥቶ ለመብረር ሳምንት ያህል ስለሚፈጅበት አይደርስም።

ሐምሌ አጋማሽ ላይ ግን ነገሩ ተለወጠ። ጠዋት ስወጣ ጥቁር ዶቃ የተሰካበት የሚመስል ረጅም ክር ድንጋዮቹ መሃል ተጠምጥሟል። የጓጉንቸር እንቁላል! ደስታዬን አትጠይቁኝ። ከዚያ ወዲያ ውሃውን መድፋት አይቻልም። ሲፈለፈሉ ትንኙን ይበሉልኛል ብዬ ነበር፤ እነሱ ግን የሚግጡት ድንጋዩ ላይ የሚበቅለውን አረንጓዴ ሽፋን ነው። የትንኝ እጭ ለመተንፈስ ወደ ላይ ስለሚወጣ በሻይ ማጥለያ እየለቀምኩ ቆየሁ። አድካሚ ነው። እናቴ አየችኝና «አብሽሪ» ብላ የአሮጌ አጎበር ቁራጭ አመጣችልኝ። ከዚያ በኋላ ከመምሸቱ በፊት ሸፍኜ ጠዋት እገልጠው ነበር። ማጥለያው ላይ የሚገኘው እጭ በጣም ቀነሰ።

ነሐሴ ላይ መጀመሪያ የኋላ እግር፣ ቀጥሎ የፊት እግር አወጡ። ጭራቸውም እያጠረ ጠፋ። ከባቄላ ያነሱ ጓጉንቸሮች በድንጋዩ ደረጃ ሲወጡ ቁጭ ብዬ አየሁ።

ለእንሽላሊት ፀሐይ የሚያገኝ የድንጋይ ክምር ሠርቻለሁ። እባብም ሊገባበት ስለሚችል ከቤቱ በር አርቄዋለሁ። አጥሩ ላይ እስስት መጥታ የሰፈሩ ልጆች ድንጋይ አንስተው ነበር። መርዝ እንደሌላት ነገርኳቸው፤ ዓይኖቿ ለየብቻ ሲዞሩ ሲያዩ ድንጋዩን ጣሉት።

ከክረምቱ በኋላ ወባ ስለሚበረታ መስከረም ላይ ሳፋውን ገለበጥኩት። በምትኩ ጥላ ቦታ ላይ የገንቦ ስባሪ ደፍቼ ሥሩን አረጥባለሁ። ትናንት ማታ አንዷ ጓጉንቸር እዚያ ገብታ ተቀምጣ አገኘኋት።