ክላሹን ዜሮ ያደረግኩበት እሁድ

ይህን የምጽፈው ለእኔ ቀድሞ የነገረኝ ሰው ስላልነበረ ነው።

ሐዋሳ ውስጥ አቶቴ አካባቢ፣ እሁድ ከሰዓት አምስት ሆነን ሳይበርፐንክ ሬድ የሚባል፣ ገጸ ባሕርይ ሆነው የሚጫወቱት ጨዋታ እንጫወታለን። ጠረጴዛ ከበን እንቀመጣለን። እያንዳንዱ የራሱን ገጸ ባሕርይ ይዞ ይገባል፤ ዕጣ ፈንታውን ዳይስ ይወስናል። ጨዋታውን የምመራው እኔ ነኝ። አጀማመሩ ቀላል ነበር። ሕጉን ስልኬ ላይ አነበብኩ። ባለ ስድስቱን ዳይስ ከሉዶ ወሰድን። ባለ አሥሩን ስላጣን አሥር ቆርኪ ላይ ከ1 እስከ 10 ጽፈን ካልሲ ውስጥ ከተትን። እስካሁን በእሱ ነው የምንጫወተው።

የተበላሸው ሩምታው ላይ ነው።

እኔ መጀመሪያ የለመድኩት እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣውን የቀድሞውን እትም፣ ሳይበርፐንክ 2020ን ነው። እዚያ በሩምታ ስትተኩሱ ለመምታት የሚያስፈልገውን ቁጥር በ4 ካለፋችሁ አራት ጥይት ይመታል። የእያንዳንዱ ጥይት ጉዳት ለብቻው ይጣላል፤ ጥይት መከላከያውም ከእያንዳንዱ ላይ ይቀነሳል። የአሶልት ራይፍል (እንደ ክላሽ ያለ ጠመንጃ) አንድ ጥይት አምስት ዳይስ ገደማ ስለሆነ ያስኬዳል።

እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው ሬድ ግን ሌላ ነው። ሩምታ 10 ጥይት ይበላል። ሁለት ዳይስ አንዴ ትጥላላችሁ። ድምሩን ባለፋችሁበት ቁጥር ታባዛላችሁ፤ ብዜቱ ለአሶልት ራይፍል ከ4፣ ለሰብማሽን ገን (አነስ ያለ አውቶማቲክ መሣሪያ) ከ3 አይበልጥም። መከላከያው የሚቀነሰው ከተባዛ በኋላ ነው፤ እሱም አንዴ ብቻ። «ያለፋችሁበት ቁጥር» በሁለቱም እትም ስላለ አንድ መሰለኝ። አሁንም ሳስበው ያናድደኛል።

ባጃጅ የሚነዳ ጓደኛችን በ20 ሜትር ርቀት ላይ አንድ ጠባቂ ላይ ተኮሰ። የሚያስፈልገው ቁጥር 17 ነበር። ቆርኪው 7 ወጣለት፤ ከችሎታው 14 ጋር 21። በ4 አለፈ። ሁለቱ ዳይስ 6 እና 5። ከደስታው ብዛት ተነስቶ ቆመ።

«አንዱ ጥይት 11፣ የጃኬቱ መከላከያ 11። ምንም አላለፈም» አልኩት። አራቱንም ጥይት እንደዚያ አደረግኳቸው።

«ብሮ፣ በክላሽ እኮ ነው! አንዱም?»

«ሕጉ ነው» አልኩ። መጽሐፉ እጄ ላይ፣ ስልኬ ውስጥ ነበር። አልከፈትኩትም።

ጠባቂው መልሶ ተኮሰ። በሦስተኛው ተራ ጓደኛችን አምስት ወር የተጫወተበት ገጸ ባሕርይ ሞተ። በሰማያዊ እስክሪብቶ የሞላውን የደብተር ቅጠል አራት ላይ አጥፎ ኪሱ ከተተ። ቶናውን ጠጣ። በረካው ሳይደርስ ወጣ።

ማታ ሕጉን ደግሜ አነበብኩ። 11 በ4 ሲባዛ 44። 11 ሲቀነስ 33። የጠባቂው ላይፍ 30 ነበር። በመጀመሪያው ሩምታ መውደቅ ነበረበት።

ብዙ የጨዋታ መሪዎች «ጨዋታው እንዳይቆም ቶሎ ወስን፣ ሕጉን በኋላ ታያለህ» ይላሉ። አልስማማም። የሰው ገጸ ባሕርይ ሊሞት ከሆነ ጨዋታው ይቁም፤ ቡና ይጠጣ፤ መጽሐፉ ይከፈት። ከጨዋታው በፊት ደግሞ አንድ ሩምታ በወረቀት ላይ ጮክ ብላችሁ አስሉ። አሶልት ራይፍል ቀላል ጃኬት የለበሰ ሰው ላይ ምንም ካላደረገ የተሳሳታችሁት እናንተ ናችሁ። ሁለት መከላከያ ደርቦ መልበስም በሬድ አይደመርም፤ የሚቆጠረው ትልቁ ብቻ ነው።

አንድ ነገር ከመጽሐፉ እለያለሁ። ጉዳት ካለፈ መከላከያው በ1 ይቀንሳል ይላል። እኛ ቤት ብዜቱ 3 ወይም 4 ከሆነ በ2 ይቀንሳል። ያን ያህል ጥይት የጠጣ ጃኬት በ1 ብቻ መጎዳቱ አይዋጥልኝም።

በማግስቱ መናኸሪያ ተራ ሲጠብቅ አገኘሁትና ስሌቱን አሳየሁት። ገጸ ባሕርይህን መልሰህ ውሰድ ብዬ ለመንኩት። ወረቀቱን ተቀብሎ ረጅም ጊዜ አየው።

«የሞተ ሞቷል» አለ።

በሚቀጥለው እሁድ መጣ፤ አዲስ ገጸ ባሕርይም ሠራ። ክላሽ ግን አይዝም። እስከ ዛሬ ሽጉጥ ብቻ ነው።