የኦቲዝም ሕክምና ስንት ብር ነው?

የዓለም የኦቲዝም ቀን የሚታሰብበት መጋቢት 24 ሲቃረብ ሬዲዮና ቴሌቪዥኑ ስለ ጉዳዩ ያነሳል፤ የወላጆች ጥያቄም አብሮ ይበዛል። ከሁሉም የሚከብደኝ «ልጄን ውጭ አገር ወስጄ ላሳክመው ስንት ብር ይበቃኛል?» የሚለው ነው። የምትጠይቀው እናት ቤቷን ለመሸጥም ሆነ ሰው ፊት ቆማ ለመለመን መቁረጧ ከድምጿ ያስታውቃል። ለእንዲህ ያለች እናት ግማሽ መልስ መስጠት ነውር ስለሆነ የማውቀውን ዘርዘር አድርጌ እዚህ ላስፍረው።

ኦቲዝም በመርፌ ወይም በቀዶ ሕክምና የሚወጣ በሽታ አይደለም። አንጎል ገና ከጅምሩ በተለየ መንገድ ሲያድግ የሚመጣ ነው፤ ከልጁ ጋር ያድጋል፣ ከልጁ ጋር ይኖራል። አዲስ አበባ ጠፍቶ ባንኮክ ወይም ዴልሂ የሚገኝ ፈዋሽ መድኃኒት የለም። ልጁ ባይናገር እንኳ የሚፈልገውን እንዲያስታውቅ፣ ሽንት ቤት እንዲሄድ፣ ልብሱን ራሱ እንዲለብስ የሚያደርገው፣ ሥራውን የሚያውቅ ሰው በየቀኑ አጠገቡ ሆኖ የሚያሳልፈው ሰዓት ነው። ስለዚህ ገንዘብ የምታሰባስቡ ቤተሰቦች ሰዓት የሚገዛ ገንዘብ አሰባስቡ። የሦስት ሰው የአውሮፕላን ትኬት፣ የማረፊያና የምርመራ ክፍያ ሲደመር እዚህ ለብዙ ወራት የንግግር ባለሙያ ይከፍላል። ከጉዞው ይዘውት የሚመለሱት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ እዚሁ የተነገራቸውን የሚደግም፣ መጨረሻው ላይ «ቴራፒ ይቀጥል» የሚል ወረቀት ነው።

«ወንድ ልጅ ዘግይቶ ነው የሚናገረው፣ አባቱም እንዲሁ ነበር» የሚለው ማጽናኛ የብዙ ልጆችን ጊዜ በልቷል። ዓመት ከመንፈቅ ሞልቶት የሚፈልገውን በጣቱ የማያሳይ፣ ስሙ ሲጠራ ዞር የማይል፣ ወይም ይላቸው የነበሩ ቃላት የጠፉበት ልጅ ዛሬ ነገ ሳይባል ይታይ።

መጀመሪያ የሚታየው ጆሮ ነው። ወላጆች «ኧረ ይሰማል፣ የማስታወቂያ ዜማ ሲጀምር ከጓዳ ሮጦ ይመጣል» ይላሉ። ነገር ግን ወፍራሙን ድምፅ እየሰማ ቀጭኑ የማይሰማው ልጅ አለ፤ ዜማውን ይለያል፣ ንግግሩ ግን ይምታታበታል። «ድምፅ ስትሰማ እጅህን አንሳ» ቢባል የማይገባው ልጅ በእንቅልፉ ነው የሚመረመረው፤ ጭንቅላቱ ላይ ትንንሽ ሽቦዎች ይለጠፉና አንጎሉ ለድምፁ የሚሰጠው ምላሽ ይነበባል። ይህ ምርመራ የሚበላሸው ልጁ አልተኛም ሲል ነው። ስለዚህ ከዋዜማው አምሽቶ ይተኛ፣ በማግሥቱ ማልዶ ይነሳ፣ ታክሲ ውስጥ እንዳያሸልብ አንድ ሰው እያጫወተ ያምጣው። የለመደውን ብርድ ልብስ አትርሱ።

ኦቲዝምን የሚያሳይ የደም ምርመራ የለም፤ የአንጎል ፎቶ የሚያነሳው ኤምአርአይም አያሳየውም። የአንጎል ፎቶና ኢኢጂ (የአንጎልን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ የሚመዘግበው ምርመራ) የሚያስፈልጉት የሚጥል በሽታ ሲጠረጠር ወይም ሐኪሙ ሌላ ምልክት ሲያይ ነው። ኤምአርአይ ከታዘዘ «ምን ተጠርጥሮ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ያ ገንዘብ የወራት ትምህርት ሊሆን ይችላል። ሐኪሙ ኦቲዝም መሆኑን የሚለየው ልጁን በማየትና ወላጅን በመጠየቅ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በየካቲት 12 እና በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታሎች የልጆች የአእምሮ ጤና አገልግሎት አለ። ከክፍለ ሀገር የምትመጡ፣ ምልልሱ እንዳይበዛባችሁ ተዘጋጅታችሁ ኑ። በአንድ ገጽ ላይ መቼ እንደተቀመጠ፣ መቼ እንደሄደ፣ የመጀመሪያ ቃሉን፣ የጠፉ ቃላት ካሉ በስንት ወሩ እንደጠፉ፣ እንቅልፉን፣ አመጋገቡን፣ አንቀጥቅጦት ያውቅ እንደሆነ ጻፉ። በስልካችሁም አንድ አንድ ደቂቃ የሚሆኑ ሦስት ቪዲዮዎች ያዙ፤ ሲበላ፣ ብቻውን ሲጫወት፣ ከጀርባው ስሙ ሲጠራ። ሐኪም ፊት የደነገጠ ልጅ እቤቱ ያለውን ልጅ አይመስልም።

ከዚያ በኋላ የሚመጣው ልጆቹን የሚያስተምሩት የኦቲዝም ማዕከላት ወረፋ ነው። ኦቲዝም ያለበት ልጅ እናት የነበረችው ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ. በ2002 ጆይ ኦቲዝም ማዕከልን ስትከፍት ኦቲዝም የሚለውን ቃል እንኳ የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነበር። ኋላ ነህምያ ኦቲዝም ማዕከልም ተከፈተ፤ ሌሎችም አሉ። ሆኖም ማዕከላቱ በብዛት ያሉት አዲስ አበባ ነው፤ ቦታ የሚጠብቀው ልጅም ከሚማረው ይበልጣል። ተመዝግባችሁ እጃችሁን አጣጥፋችሁ አትጠብቁ። የዓለም ጤና ድርጅት ለወላጆች ያዘጋጀው ሥልጠና፣ 9 የቡድን ስብሰባና 3 የቤት ጉብኝት ያለው፣ ኢትዮጵያ ውስጥም ተሞክሯል፤ መሠረቱም ልጁ ከሁሉ በላይ የሚማረው እቤቱ፣ በዕለት ተዕለት ኑሮ ውስጥ መሆኑ ነው።

ሰዓቱ በምን ይሞላ? ብስኩት የሚወድ ልጅ አለ እንበል። ብስኩቱን ክዳኑ ጠበቅ ባለ፣ ውስጡን በሚያሳይ ፕላስቲክ ዕቃ አድርጋችሁ ልጁ እያየው ሊከፍተው የማይችልበት ቦታ አስቀምጡ። የዚያኑ የቤታችሁን ብስኩት ፎቶ የመዳፍ ግማሽ በሚያህል መጠን አሳትሙና ኮፒ ቤት ላሚኔት አስደርጉት። ሲጀመር ሁለት ሰው ያስፈልጋል። አንዱ ብስኩቱን ይዞ ከልጁ ፊት፣ ከዓይኑ ትይዩ ዝቅ ብሎ ይቀመጣል። ሌላው ከኋላ ሆኖ ይጠብቃል፤ ልጁ እጁን ወደ ብስኩቱ ሲዘረጋ እጁን ይዞ ፎቶውን ያስነሳውና ከፊት ያለው ሰው መዳፍ ላይ ያስቀምጠዋል። የፊተኛው ወዲያው «ብስኩት!» ብሎ ቁራሽ ይሰጠዋል። ሙሉውን ከሰጠው ልጁ ድጋሚ የሚጠይቅበት ምክንያት አይኖረውም። የኋለኛው ሰው አይናገርም፤ «ስጣት፣ ስጣት እንጂ» ካለ ልጁ የሚማረው ትእዛዝ መጠበቅን ነው። በየቀኑ የኋለኛው ሰው እጅ እየላላ ይሄዳል፤ ከእጅ አንጓ ወደ ክርን፣ ከክርን ወደ ትከሻ፣ መጨረሻ ላይ ይለቀዋል።

ይህ የሚከሽፈው ፎቶው ከፍ ብሎ ግድግዳ ላይ ሲሰቀል ነው፤ ልጁ በራሱ የሚደርስበት ቦታ መሆን አለበት። አያት አንጀቷ አልችል ብሎ ያለ ፎቶ ስትሰጥም ይከሽፋል። ለአያት ማስረዳት ጊዜ ይወስዳል፤ ግን አንዴ ልጁ ፎቶ አንስቶ መዳፏ ላይ ሲያኖርላት ካየች ከሁሉም የበረታች አስተማሪ የምትሆነው እሷ ናት። «ፎቶ ከለመደ አይናገርም» የሚለው ስጋት መሠረት የለውም፤ በፎቶ መጠየቅ ንግግርን አያዘገይም። ይልቅ ልጁን የሚያሸሸው «ይህ ምንድን ነው? በል እንጂ! ውሃ በል!» እያሉ ቀኑን ሙሉ መፈተን ነው። አንድ ወይም ሁለት ቃል ብቻ ተናገሩ፣ በልባችሁ እስከ 10 እየቆጠራችሁ ጠብቁ። ለእኛ ረጅም የሚመስለው ዝምታ ለልጁ የሰማውን የሚያብላላበት ጊዜ ነው።

እጅ መታጠብን ከመጨረሻው ማስጀመር ይሻላል። ቧንቧ መክፈት፣ ማርጠብ፣ ሳሙና፣ ማሸት፣ ማለቅለቅ፣ ቧንቧ መዝጋት፣ በፎጣ ማድረቅ፤ 7 ነገር ነው። ስድስቱን አብራችሁት ሠርታችሁ ሰባተኛውን፣ ማድረቁን፣ ለእሱ ተዉለት። ያንን ሲችል ቧንቧ መዝጋቱን ጨምሩለት። እንዲህ ሲሆን በየጊዜው ሥራውን የሚጨርሰው እሱ ነው፤ ምስጋናውም የሚመጣው እሱ በጨረሰበት ቅጽበት ነው። ውሃ የሚጠፋበት ሰፈር ከሆናችሁ በጆግና በማስታጠቢያ መታጠብንም ውሃ ባለበት ቀን ጎን ለጎን አስለምዱት። በአንድ መንገድ ብቻ የተማረ ልጅ ቧንቧው ደርቆ ሲያይ ጩኸቱን ይለቀዋል፤ ሰዉም «ባለጌ» ይለዋል።

ስለ ጩኸት አንድ ነገር። ደብተር ያዙና ከጩኸቱ በፊት ምን ነበር፣ ልጁ ምን አደረገ፣ ከዚያ እናንተ ምን አደረጋችሁ የሚለውን ጻፉ። በሁለት ሳምንት ውስጥ መልኩ ይወጣል። በጮኸ ቁጥር ስልክ የሚሰጠው ልጅ ስልኩ ሲከለከል መጀመሪያ ጩኸቱ ይብሳል፤ ይህ የሚጠበቅ ነው። በሦስተኛው ቀን ተሸንፋችሁ ከሰጣችሁት ግን ከበፊቱ አብልጦ መጮህ እንዳለበት አስተማራችሁት። እስከ መጨረሻው መጽናት የማትችሉ ከሆነ መከልከሉን ባትጀምሩት ይሻላል። ሰላማዊ የነበረ ልጅ በድንገት ራሱን መምታት ከጀመረ ደግሞ ከጠባይ በፊት ሕመም ፈልጉ። ጥርሱ፣ ጆሮው፣ የሆድ ድርቀቱ ይታይ።

መድኃኒትን በሚመለከት፣ ሪስፔሪዶን የሚባለው ኦቲዝምን አያድንም፤ ከባድ ቁጣንና ራስን መጉዳትን ለማለዘብ ነው የሚታዘዘው። ምግብ ፍላጎትና ክብደት ይጨምራል፣ ያንገላጅጃል። ከመጀመሩ በፊት ልጁ ይመዘን፣ ከዚያም በየወሩ፤ ያለ ሐኪም በድንገት አይቆምም። ጸበል ለምትወስዱ ወላጆች ከልቤ የምለምናችሁ ነገር ቢኖር የሚጥል በሽታ መድኃኒት አታቋርጡ። በድንገት የተቋረጠ እንደሆነ የማያባራ መንቀጥቀጥ ሊያመጣና ሕይወት ሊያጠፋ ይችላል። ጸሎቱና ክኒኑ አብረው ይሄዳሉ።

«ከደሙ መርዝ እናወጣለን»፣ «ስቴም ሴል እንወጋዋለን»፣ «ኦክስጅን ክፍል እናስገባዋለን» የሚሏችሁን አትመኑ፤ ኦቲዝምን ሲያድኑ አልታየም። «መርዝ ማውጣት» የሚሉት፣ እንደ እርሳስ ያለ ብረት ከደም የማውጣቱ ሕክምና እ.ኤ.አ. በ2005 አሜሪካ ውስጥ አንድ ኦቲዝም ያለበት ልጅ ገድሏል። ክትባት ኦቲዝም ያመጣል ያለውን እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣ ጽሑፍ ያሳተመው መጽሔት ራሱ እ.ኤ.አ. በ2010 ሰርዞታል፤ ታናናሾቹን አስከትቡ። ከግሉተን (ስንዴና ገብስ ውስጥ ካለው ፕሮቲን) ነፃ እየተባለ ከውጭ በውድ ለሚመጣው ዱቄትም አትጨነቁ። ለዚህ ልጅ የተለየ ጥቅም እንዳለው አልተረጋገጠም፤ ንጹሕ የጤፍ እንጀራ ደግሞ ቀድሞውንም ግሉተን የለውም።

አሁን ወደ ገንዘቡ። «ልጄን አሳክሙልኝ» የሚል ልመና አንድ ጊዜ ያስለቅሳል፣ ከዚያ ይረሳል። ደብዳቤው ላይ የልጁ ዕድሜ፣ የሐኪሙ ወረቀት፣ የሚፈለገው አገልግሎትና ልክ ይጻፍ። ለምሳሌ የንግግር ሕክምና በሳምንት 2 ጊዜ፣ ለ12 ሳምንት፣ በድምሩ 24 ጊዜ፤ ማዕከሉ በማኅተም የሰጠው የአንዱ ዋጋ፣ የትራንስፖርት፣ ጠቅላላው። ከሥሩ ዓላማው፦ «በሦስት ወር ውስጥ 5 የሚፈልጋቸውን ነገሮች በፎቶ እንዲጠይቅ»። ክፍያው በቀጥታ ወደ ማዕከሉ ሒሳብ ቢገባ ሰጪም ተቀባይም ከሐሜት ይድናል። ከአንድ ሀብታም ብዙ ብር ከመለመን ከአሥር ዘመድ በየወሩ ትንሽ ትንሽ መጠየቅ ይሻላል፤ መሃል ላይ በገንዘብ እጦት የሚቋረጥ ትምህርት ልጁን ወደ ኋላ ይመልሰዋል። እድራችሁንም አትለፉት፤ እድርተኛው ስለ ልጁ ካወቀ ልጁ ከግቢ ቢወጣ የሚይዘው ሰው በዛ ማለት ነው።

ልጁ መሬት ላይ ሲንፈራገጥ የሚያሳይ ቪዲዮ ለገንዘብ ማሰባሰቢያ አትልቀቁ። ቪዲዮው አይጠፋም፤ ልጁ አድጎ ራሱም፣ የክፍል ጓደኞቹም ያዩታል። የተማረውን ሲሠራ አሳዩ።

ባለሙያ ስትመርጡም «በስድስት ወር አናግረዋለሁ» ከሚልና ወላጅ እንዳያይ በሩን ከሚዘጋ ራቁ። ደኅናው ባለሙያ አብራችሁት እንድትቀመጡ ይጋብዛል፣ ስትወጡም እስከሚቀጥለው ቀጠሮ እቤት የምትለማመዱትን አንድ ነገር ይሰጣችኋል።

አሜሪካ ያላችሁ ወገኖች መንገዳችሁ ሌላ ነው። ከ3 ዓመት በታች ላለ ልጅ የአካባቢያችሁ የኧርሊ ኢንተርቬንሽን (ለሕፃናት ቀድሞ ድጋፍ የሚሰጥ) ቢሮ፣ ከ3 ዓመት ጀምሮ ደግሞ የትምህርት ዲስትሪክቱ በነፃ የመገምገም ግዴታ አለበት። ጥያቄያችሁ በጽሑፍ፣ ቀን ያለበት ይሁን፤ ቅጂውን ያዙ፤ ለስብሰባው የአማርኛ አስተርጓሚ ጠይቁ። «እቤት አማርኛ ተዉ፣ ይምታታበታል» የሚላችሁ ካለ አትስሙት። ሁለት ቋንቋ መስማት ኦቲዝም ያለበትን ልጅ እንደማይጎዳ በጥናት ታይቷል፤ አማርኛ የነጠቃችሁት ልጅ ግን ከአያቱ ጋር ይቆራረጣል።

ከዘመድ ደግሞ ብር ብቻ አትጠይቁ። ቅዳሜ ከ8 እስከ 10 ሰዓት ልጁን የምትይዝ አክስት ለእናትየው እንቅልፍ ናት፤ የሚያንቀላፋ ሰው ፎቶ ይዞ ማስተማር አይችልም። አክስት የምትፈራው ስለማታውቀው ነውና ወረቀት ላይ ይጻፍላት፦ ጆሮውን ሲይዝ ጩኸት በዝቶበታል፣ ሬዲዮውን ዝጊለት፤ ወጡን እንጀራው ላይ ሳይሆን ለብቻው አድርጊለት፤ የውጭው በር ከላይ በኩል ይቀርቀር፤ የእናቱ ስልክ ቁጥር ከሸሚዙ ኮሌታ ውስጥ ተጽፏል።