አውሮፕላኑ የተነሣው ከዚሁ ነው

ካራማራን ስናልፍ ለአባቴ ደወልኩለት። በ1970 እዚህ ተራራ ላይ ከሶማሊያ ጦር ጋር ተዋግቷል። "ሐርጌሳ እየሄድኩ ነው" ስለው ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ "ስለ ካራማራ ከጠየቁህ ምን እንዳሉህ ትነግረኛለህ" አለኝ።

ጊዜው ጥር 2016 ነበር። ኢትዮጵያና ከሶማሊያ ተገንጥዬ ነፃ አገር ሆኛለሁ የምትለው ሶማሊላንድ ስለ ባሕር በር የመግባቢያ ሰነድ የፈረሙት ታኅሣሥ 22 ነው፤ ገና ሳምንታት ናቸው ያለፉት። አዲስ አበባ ወሬው ሁሉ ወደብ ወደብ ሆኗል። እኔን የያዘኝ ግን ሌላ ጥያቄ ነው። ሰው ምን ሲሆን ነው "ከእናንተ ጋር መኖር በቃኝ" የሚለው? እኛ ዘንድ መገንጠል የሚለው ቃል ገና ሲነሣ ጩኸት ይጀመራል። አንድ ጊዜ እንኳ ረጋ ብዬ፣ ከተገነጠሉት ሰዎች አፍ ልስማው ብዬ ነው የተነሣሁት።

ቶጎ ውጫሌ አቧራ ነው፣ ባጃጅ ነው፣ የጫት መኪና ነው። በኛ በኩል ፓስፖርቴ ላይ ማኅተም ተመታ። ትንሽ በእግር ሄድኩና በወዲያኛው በኩል ደግሞ ተመታ። ቪዛውን አዲስ አበባ ካለው ጽሕፈት ቤታቸው ቀደም ብዬ አውጥቻለሁ። የራሳቸው ባንዲራ፣ የራሳቸው ፖሊስ፣ የራሳቸው ገንዘብ አላቸው። በዚያ ጥር ግን አንድም የተባበሩት መንግሥታት አባል አገር ዕውቅና አልሰጣቸውም ነበር።

ወደ ዋና ከተማቸው ወደ ሐርጌሳ የያዘኝ መኪና መሪው በቀኝ ነው። የሚነዳውም በመንገዱ ቀኝ ነው። ስለዚህ ሹፌሩ ሌላ መኪና ሊቀድም ሲል ከፊት የሚመጣውን የማይለት እኔ ነበርኩ። ተሳፋሪዎቹ ሲነጋገሩ ሰምቼ ጥቂት ቃል ለመድኩ። ታላቅ ሰው "አደር" ይባላል፤ አጎት እንደማለት ነው።

ሐርጌሳ መሀል ከተማ ሚግ አውሮፕላን ከፍ ብሎ ተሰቅሏል። የጦርነቱ መታሰቢያ ሐውልት ነው። በዙሪያው ገበያው ይጮኻል። ዘርዛሪዎች ሽልንጉን በእስር በእስር እንደ ጡብ ደርድረው መንገድ ዳር ተቀምጠዋል። ሰዉ ግን ለአንድ ብርጭቆ ሻይ እንኳ በስልኩ፣ ዛድ በሚባለው የገንዘብ መላኪያ ነው የሚከፍለው። ቆሜ ሚጉን ሳይ አንድ ሽማግሌ በጥሩ አማርኛ "ከየት እንደተነሣ ታውቃለህ?" አሉኝ።

አማርኛውን የተማሩት ጅግጅጋ አጠገብ፣ ሀርትሼክ የስደተኞች መጠለያ ውስጥ ነው። ሻይ ጋበዙኝ። የግመል ወተት ገብቶበታል።

"አደር፣ ከየት ነው የተነሣው?" አልኳቸው።

"ከዚሁ። ከሐርጌሳ አውሮፕላን ማረፊያ። ተነሥቶ፣ ዞሮ፣ እኛን ደብድቦ፣ ተመልሶ እዚያው ያርፋል።"

ይህ የሆነው በግንቦት 1980 እና ከዚያ በኋላ በነበሩት ወራት ነው። ሽማግሌው ግን ታሪኩን ከዚያ አልጀመሩልኝም። ወደ ኋላ ሄዱ። ሰኔ 19 ቀን 1952 ሰሜኑ፣ የዛሬዋ ሶማሊላንድ፣ ከእንግሊዝ ነፃ ወጣ። 5 ቀን ብቻ ለብቻው ቆየ። ሰኔ 24 ከጣሊያኑ ሶማሊያ ጋር ተዋሐደ። "ማንም አላስገደደንም። በፍቅር ነው የሄድነው" አሉኝ። ዋና ከተማው ሞቃዲሾ ሆነ። ፕሬዚዳንቱም ጠቅላይ ሚኒስትሩም ከደቡብ ሆኑ። በዓመቱ ሕገ መንግሥቱ ለሕዝብ ድምፅ ሲቀርብ ሰሜኑ ፊቱን አዞረ።

"እሱንም ቻልነው። ያልቻልነው የሆስፒታሉን ነው።"

የሆስፒታሉን ታሪክ ሲነግሩኝ ድምፃቸው ተለወጠ። የሐርጌሳ ሆስፒታል ወድቆ ነበር። መድኃኒት የለ፣ ደህና አልጋ የለ። በ1973 አካባቢ ወጣት ሐኪሞችና መምህራን ተሰባሰቡ። ገንዘብ አዋጡ፣ ክፍሎቹን ጠረጉ፣ አሳደሱ። የመንግሥትን ችላ ማለት የሚተች ወረቀትም በተኑ። የሶማሊያው መሪ የዚያድ ባሬ መንግሥት ነገሩን እንደ አድማ አየውና ለቅሞ አሰራቸው። የካቲት 13 ቀን 1974 ለፍርድ ሲቀርቡ ተማሪው አደባባይ ወጣ። ወታደሩ ተኮሰ። "እኔም ድንጋይ ወርውሬያለሁ" አሉኝ ሽማግሌው። ያን ጊዜ ተማሪ ነበሩ።

ይህን ስሰማ ብዙ ቆየሁ። አንድ ሕዝብ ሆስፒታሌን ላጽዳ ብሎ እስር ከተመለሰለት፣ ከዚያ በኋላ አንድነት የሚለው ቃል ጆሮው ውስጥ ምን ይሆናል? እኔ አገር ተቆራርሳ ማየት የማልወድ ሰው ነኝ። ይህንንም አልደብቃቸውም፤ ነገርኳቸው። እሳቸውም "እኛም አልወደድንም ነበር" አሉኝ።

ከዚያ የቀጠለው የኛም ታሪክ ነው። በ1973 ለንደን ላይ የተመሠረተው የሶማሊ ብሔራዊ ንቅናቄ በኋላ መቀመጫውን ኢትዮጵያ አድርጎ፣ ደርግ እየረዳው ይዋጋ ነበር። በመጋቢት 1980 መንግሥቱ ኃይለ ማርያምና ዚያድ ባሬ አንዱ የሌላውን አማፂ ላይረዳ ተስማሙ። መጠጊያ ያጣው ንቅናቄ ግንቦት ላይ የሰሜኑ ከተሞች ቡርኦና ሐርጌሳ ገባ። መልሱ አውሮፕላንና መድፍ ሆነ። ከተማዋ ፈረሰች። በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሰው በእግሩ ወደ ኢትዮጵያ ተሻገረ። ሽማግሌው እናታቸውን እየደገፉ ነው ሀርትሼክ የገቡት። እዚያው ቀበሯቸው።

ነፃነታቸውን ያወጁት ቡርኦ ላይ፣ ግንቦት 10 ቀን 1983 ነው። ኢሕአዴግ አዲስ አበባ ሊገባ 10 ቀን ሲቀረው ማለት ነው። እኛ ያን ሰሞን በራሳችን ጭንቅ ተይዘን ጎረቤታችን ምን እንዳወጀ ልብ ያልነውም አይመስለኝ። በ1985 ደግሞ ሽማግሌዎቻቸው ቦረማ ላይ ለወራት ተቀምጠው ጎሳ ከጎሳ አስታረቁ፤ ፕሬዚዳንትም መረጡ። ይህን ሲነግሩኝ ፊታቸው በራ። ቢበራም ይገባዋል።

በሶማሊላንድ ምሥራቅ ስላለችው ከተማ፣ ስለ ላስ አኖድ ግን ስጠይቃቸው ብርጭቆውን አዞሩት፣ አዞሩት። "እሱ ሌላ ነገር ነው" ብለው ተነሡ። ሒሳቡን እንድከፍል አልፈቀዱልኝም።

ላስ አኖድን ያገኘሁት ስመለስ፣ ጅግጅጋ ነው። ማደሪያዬ አጠገብ ሳምቡሳ የምትሸጥ ልጅ ከዚያ የመጣች ናት።  የከተማዋ ሰዎች "ሐርጌሳ አትወክለንም፣ እኛ ከሞቃዲሾ ጋር ነን" ብለው ተነሡ። ከጥር 2015 መጨረሻ ጀምሮ ለወራት ውጊያ ሆነ። ከተማዋ ላይ መድፍ ወረደ። ብዙ አሥር ሺዎች ወደ ኢትዮጵያ፣ ወደ ዶሎ ዞን ሸሹ። የልጅቷ ቤተሰብ አሁንም እዚያ ነው።

"ወንድሜ ሆስፒታል ተኝቶ ነበር፤ ሆስፒታሉም ተመታ" አለችኝ።

ሐርጌሳ በ1980 የቀመሰችውን ለላስ አኖድ መልሳ ማቅመሷ አሳዘነኝ፤ አናደደኝም። ሽማግሌውን ወድጃቸዋለሁ፤ እውነታቸውንም አምናለሁ። ግን ብርጭቆውን ባያዞሩት ኖሮ፣ ስለዚህችም ልጅ ቢያወሩኝ ኖሮ የበለጠ አምናቸው ነበር።

ማታ ለአባቴ ደወልኩለት።

"ስለ ካራማራ ጠየቁህ?" አለኝ።

"አይ አባዬ። ሁለቱም ያወሩኝ ስለ ሆስፒታል ነው።"