ዘመድ ጥየቃ ሄዶ ወፍ ማየት፦ መጸው በምሥራቅ ቻይና

ቻይና ሄጄ ወፍ ሳይ እንደሰነበትኩ ስናገር ሰው ቀድሞ የሚለኝ "ታዲያ እህትህን መቼ ጠየቅካት?" ነው። ተገቢ ጥያቄ ነው። እህቴ ሻንጋይ ነው የምትኖረው። ባሏ የዚያው አገር ሰው ነው፤ ሁለት ልጆች አሏቸው። ከስንት ጊዜ በኋላ የመጣ ወንድም በየቀኑ ባይኖኩላሩን አንግቶ ቢጠፋ ደስ የሚለው ቤተሰብ የለም። እኔም ብሆን አብሬያቸው ቁጭ ብዬ መብላትና መጫወት ናፍቆኝ ነበር።

ዘመድ ጥየቃውና ወፍ ማየቱ ግን አብረው ይሄዳሉ። በዚያ ጠረፍ ወፍ የሚታይበትን ሰዓት የሚወስኑት የባሕሩ ሙላትና የሰሜን ነፋስ ናቸው። እነዚህን የተከታተለ ሰው ጥቂት ሰዓት ይበቃዋል። የቀረው ጊዜ የቤተሰብ ነው።

መጀመሪያ ቦታው ለምን እንደሚያጓጓ ልንገራችሁ። ከነሐሴ እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ ከሳይቤሪያና ከአላስካ የተነሱ ወፎች በቻይና ምሥራቃዊ ጠረፍ በኩል ወደ ደቡብ ይወርዳሉ። ከፊሎቹ ደቡብ ምሥራቅ እስያ ይቀራሉ። ከፊሎቹ አውስትራሊያ ድረስ ይዘልቃሉ። መንገዱ ረጅም ስለሆነ መሃል ላይ በልተው መወፈር አለባቸው፤ የሚወፍሩት ደግሞ ቢጫ ባሕር ዳርቻ ላይ ነው። ባሕሩ ሲሸሽ ለኪሎሜትሮች የሚዘረጋ ጭቃ ይገለጣል። ጭቃው ውስጥ ትሉ፣ ሸርጣኑ፣ ቀንድ አውጣው ሞልቷል። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2019 የጂያንግሱ ክፍለ ሀገርን የያንቼንግ ጠረፍ በዓለም ቅርስነት መዘገበ። በ2024 ደግሞ የሻንጋዩን ቾንግሚንግ ዶንግታንን ጨምሮ ሌሎች ቦታዎች ተጨመሩበት።

ከመሄዴ በፊት በጣም የጠቀመኝ ሥራ የወፎቹን ዝርዝር ለሁለት መክፈሌ ነው። ዝዋይና አቢያታ ላይ የለመድኳቸው ብዙዎቹ እዚያም አሉ፦ ግሪንሻንክ፣ ዉድ ሳንድፓይፐር፣ ከርሊው ሳንድፓይፐር፣ ግራጫው ሳቢሳ። እኛ ጋ የሚመጡት በሌላ የፍልሰት መስመር ነው፤ ዝርያቸው ግን አንድ ነው። ስለዚህ እነሱን ወደ ጎን ትቼ ማታ ማታ የማላውቃቸውን ብቻ አጠናሁ። ኢትዮጵያ ውስጥ ወፍ ያየ ሰው ዜሮ ላይ አይጀምርም፤ ይህ ትልቅ ሀብት ነው።

ሌላው ዝግጅት ቀላል ነው። ሜርሊን የሚባለውን የወፍ መለያ አፕ ከነቻይና ጥቅሉ እዚሁ አዲስ አበባ ሳላችሁ አውርዱ። ጎግል ማፕ እዚያ እንደማይሠራ ቁጠሩት፤ የአገሩ ሰው የሚጠቀመው አማፕን ነው። ክፍያ ሁሉ በስልክ ስለሆነ አሊፔይን ከካርዳችሁ ጋር ቀድማችሁ አገናኙ። ሆቴል ሳይሆን ቤተሰብ ቤት የምታርፉ ከሆነ ደግሞ በደረሳችሁ በ24 ሰዓት ውስጥ ፖሊስ ጋ መመዝገብ ግዴታ ነው። እህቴ ገና ሻንጣዬን ሳልፈታ ነው ይዛኝ የሄደችው።

አሁን ወደ ባሕሩ።

ሐይቅ ዳር ወፍ ለማየት የለመደ ሰው ማልዶ መነሳት ብቻ ይበቃዋል። ባሕር ዳር እንደዚያ አይደለም። ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይሸሻል፤ ሰዓቱም በየቀኑ ወደ 50 ደቂቃ ገደማ ይገፋል። ውሃው በሸሸበት ሰዓት ከሄዳችሁ ወፎቹ ጭቃው ጫፍ ላይ ናቸው፤ ከዓይን በጣም ይርቃሉ። መሙላት ሲጀምር ግን ውሃው እየገፋ ወደ ሰው ያመጣቸዋል። ስለዚህ ሙላቱ ጣሪያ ከመድረሱ ሁለት ሦስት ሰዓት ቀድሞ መገኘት ነው። ሰንጠረዡ ስልክ ላይ ይገኛል። እኔ ከቤተሰቡ የግብዣ ፕሮግራም ጎን ጻፍኩትና ማቀዝቀዣው በር ላይ ለጠፍኩት። ከዚያ በኋላ ምሳው መቼ ይሁን ብሎ መነጋገር ቀላል ሆነ።

ሙላቱ ይበልጥ የሚበረታው ጨረቃ ስትሞላና ስትወለድ ሰሞን ነው። የቻይናዎቹ የመኸር አጋማሽ በዓል ደግሞ የሚውለው በጨረቃ አቆጣጠራቸው በስምንተኛው ወር 15ኛ ቀን ነው፤ ጨረቃ ሙሉ በምትሆንበት ጊዜ ማለት ነው። በ2025 ኦክቶበር 6 ላይ ውሎ ከብሔራዊ ቀን ዕረፍታቸው ጋር ገጠመ። ቤተሰብ ሁሉ ተሰብስቦ ክቡን የጨረቃ ኬክ የሚበላበት ቀንና ባሕሩ የዳርቻው ግንብ ሥር ድረስ የሚመጣበት ቀን ተገናኙ ማለት ነው። ሃይኒንግ በምትባል ከተማ የቺየንታንግን ወንዝ ወደ ኋላ እየገፋ የሚመጣውን የውሃ ግድግዳ ለማየት ሕዝብ የሚጎርፈውም በዚሁ ሰሞን ነው። ለወፍ ተመልካች ከዚህ የተሻለ ቀን የለም። አንድ ነገር ብቻ፦ በዚያ ሳምንት አገሩ ሁሉ መንገድ ላይ ነው። የባቡር ትኬት ገና ሽያጭ ሲከፈት መቁረጥ ያስፈልጋል።

እኛ የሄድነው ትያኦዚኒ ነው። ያንቼንግ ውስጥ ዶንግታይ የምትባል ከተማ ድረስ በፈጣን ባቡር፣ ከዚያ በመኪና። የእህቴ ባልና ትልቁ ልጃቸው አብረውኝ መጡ። እዚያ ከባሕሩ ግንብ በስተጀርባ በቻይና መለኪያ 720 ሙ፣ በእኛ 48 ሄክታር የሚሆን ውሃማ መሬት ለወፎቹ ብቻ ተለይቷል። ድሮ የዓሣ ኩሬ ነበር፤ በ2020 ነው ለእነሱ የተተወው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ባሕሩ ሲሞላ ጭቃው በሙሉ ይሸፈናል። ቀድሞ ወፎቹ የሚያርፉበት ዝቅተኛ መሬት ደግሞ በግንብ ታጥሮ እርሻና ኩሬ ሆኗል። ማረፊያ ካጡ በአየር ላይ ሲዞሩ የሰበሰቡትን ስብ ይጨርሱታል። 48 ሄክታር ትንሽ ትመስላለች፤ ግን በሙላት ሰዓት ያየኋት ጥቅጥቅ ብላ ነው። ዘንድሮ ካየሁት የተፈጥሮ ጥበቃ ሥራ ሁሉ እንደዚህች ኩሬ ልቤን ያሞቀው የለም።

የፈለግነው ስፑን ቢልድ ሳንድፓይፐርን ነበር፤ ምንቃሯ ጫፉ ላይ እንደ ማንኪያ የሰፋ፣ ድንቢጥ የምታክል ወፍ። በሩሲያ ሩቅ ምሥራቅ ትፈለፈላለች። የብርዱን ወራት እስከ ምያንማርና ባንግላዴሽ ወርዳ ታሳልፋለች። በዓለም ላይ የቀሩት ከሺህ በታች እንደሆኑ ይገመታል። ችግሩ እሷን የሚመስሉ ሬድ ኔክድ ስቲንት የሚባሉ ትንንሽ ወፎች በብዛት አብረዋት ይበላሉ። ሁሉም በዚያ ወቅት ከላይ ግራጫ፣ ከታች ነጭ ናቸው። ማንኪያዋ ደግሞ ከጎን ሲያዩት ተራ ምንቃር ነው የሚመስለው። ፊቷን ስታዞር ብቻ ነው የሚለየው።

እዚያ ቴሌስኮፕ ተክለው የነበሩ ወጣቶች ዘዴውን ነገሩን። ቅርጹን ተዉት፣ አበላሏን እዩ አሉ። የእህቴ ልጅ ነው ያስተረጎመልኝ። ስቲንቶቹ ቆም እያሉ ጭቃውን ጠቅ፣ ጠቅ ያደርጋሉ። እሷ ግን ምንቃሯን ስስ ውሃ ውስጥ ነክራ፣ ሳታወጣ፣ ራሷን ግራና ቀኝ እያወዛወዘች ትራመዳለች። ይህን ከሰማሁ በኋላ ከመቶ ግራጫ ወፍ መሃል የተለየ እንቅስቃሴ መፈለግ ሆነ ሥራዬ። ያገኛት ግን ልጁ ነው። "አጎቴ፣ ያቺ ራሷን የማታነሳዋ እሷ ናት?" አለኝ። ቴሌስኮፑን ተውሼ አየሁ። ነጭ ግንባር፣ ጥቁር እግር። ከዚያ ዞረች። ማንኪያዋ ጥቁርና ጭቃ የለበሰ ነበር፤ ጫፉ ላይ ውሃ ተንጠልጥሏል። እግሯ ላይ ተመራማሪዎች ያሰሩላት አረንጓዴ ምልክት ነበራት። ቁጥሩን ግን ማንበብ አልቻልንም። ልጁ እስከ ማታ ድረስ ስለ እሷ ሲያወራ አመሸ።

አንድ ነገር አጥብቄ እመክራለሁ። ወፎቹ ባረፉበት ሰዓት አትቅረቧቸው፤ ልጆችም ወደ እነሱ እንዳይሮጡ ቀድማችሁ ንገሯቸው። ለፎቶ ብሎ አንድ ጊዜ መንጋውን ማስነሳት ለአንድ ሰው ደስታ ነው፤ ለደከመች ወፍ ግን የሰበሰበችውን ስብ ማባከን ነው።

ነፋሱ ደግሞ ለጫካ ወፎች ነው። የሻንጋይ ሜትሮ 16ኛው መስመር ዲሽዊ ሐይቅ ድረስ ይወስዳል። ከዚያ በታክሲ ትንሽ ሄዶ ናንሁዪ የሚባለው የባሕር ግንብ አለ። በግንቡ ሥር ራቅ ራቅ ብለው የተተከሉ ትንንሽ ደኖች አሉ። ሌሊቱን የበረሩ ወፎች ሲነጋ የሚያገኙት የመጀመሪያ ጥላ እነዚህ ናቸው። ስለዚህ የሰሜን ቀዝቃዛ አየር በገባ ማግስት መሄድ ነው። እኔ የአየር ትንበያውን እያየሁ ጠበቅኩ። ሙቀቱ ድንገት የወረደበትና ነፋሱ ወደ ሰሜን ምዕራብ የዞረበት ሌሊት መጣ። ንጋት ላይ እዚያ ስደርስ ዛፎቹ ሕይወት ዘርተዋል። ቅጠሉ መሃል ስድስት ግራም ያህል የምትመዝነው የሎ ብራውድ ዋርብለር ታፏጫለች። መሬቱ ላይ ጎኑ ብርቱካንማ፣ ጭራው ሰማያዊ የሆነው ሬድ ፍላንክድ ብሉቴይል ይዘላል። ረጅም ሌንስ ያለው ካሜራ የያዙ ሽማግሌዎች በእጃቸው ጠርተው ስክሪናቸው ላይ ያነሱትን አሳዩኝ። ቋንቋ አላገናኘንም፤ ወፉ አገናኘን። ለምሳ ቤት ነበርኩ።

ነፋስም ሙላትም በሌለበት ቀን መናፈሻ አለ። የልጆቹ አያት ናይናይ በየጠዋቱ ወደ ሰፈራቸው መናፈሻ ይሄዳሉ። እሳቸውን ተከትዬ ነው ረጅም ሰማያዊ ጭራ ያለውን የቁራ ዘመድ፣ አዙር ዊንግድ ማግፓይን፣ በደንብ ያየሁት። ከእሳቸው ጋር ብዙም አላወራንም። ግን ወፍ ባዩ ቁጥር ክንዴን ነካ ያደርጉኝ ነበር።

የሚቀጥለውን ጉዞ ለነሐሴ አጋማሽ አስቤዋለሁ። ብርቅየዋ ኖርድማንስ ግሪንሻንክ ትያኦዚኒ ላይ ላባዋን የምትቀይረው በዚያ ሰሞን ነው። የልጆቹ ትምህርት ቤት ደግሞ የሚከፈተው ሴፕቴምበር 1 ስለሆነ ትልቁም ትንሿም አብረውኝ ይመጣሉ። የሙላቱን ሰንጠረዥ ለእህቴ ልኬላታለሁ።